አበበ ቢቂላ፦ ከራሱ ሰዓት ጋር የተወዳደረ ሯጭ

የማራቶን ጀግናው ሻምበል አበበ ቢቂላ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተቆጥሯል። ስሙ በተነሣ ቁጥር በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሚያሳየው ምስል ነው። ምስሉ ለኢትዮጵያና ለመላው አፍሪካ የኩራት ምንጭ የመሆኑን ያህል አንድ የተዛባ ግምትም አብሮ አስፋፍቷል። ይኸውም አበበ ያለ በቂ ዝግጅት፣ በተፈጥሮ ጉልበቱ ብቻ ተማምኖ፣ በአጋጣሚ ለድል የበቃ ሰው ነው የሚለው ነው። የሕይወት ታሪኩ የሚመሰክረው ግን ከዚህ ፍጹም የተለየውን ነው። አበበ በየቀኑ የሚለማመድ፣ የሮጠበትን ሰዓት እየለካ ከቀድሞው የሚያሻሽል፣ ድል ሲያገኝ የማይዘናጋ፣ ሲሸነፍም ወደ ልምምዱ የሚመለስ ትጉህ ስፖርተኛ ነበር።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በዚያው ዕለት በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር መካሄዱ ከጊዜ በኋላ ብዙዎችን ያስገረመ መገጣጠም ሆኗል። ገና በሕፃንነቱ የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን በመውረሩ ቤተሰቡ ቀዬውን ለቅቆ ለመሰደድ ተገዶ ነበር። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የልጅነት ጊዜውን ያሳለፈው እንደ ማንኛውም የደጋ ገበሬ ልጅ ነው። በሜዳና በገደል መካከል ርቀት የሚሮጥበትን የገና ጨዋታ አዘውትሮ ይጫወት ነበር። ሩሯን ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየመቱ የሚያሳድዱበት ይህ ባህላዊ ጨዋታ ለእግሩ ጥንካሬም ሆነ ለትንፋሹ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሆኖለታል።

ወጣቱ አበበ ኑሮውን ለማሻሻል ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በተራ ወታደርነት ተቀጠረ። ክብር ዘበኛ በወቅቱ በሥርዓቱና በሥልጠናው የታወቀ የጦር ክፍል ሲሆን ለስፖርትም ልዩ ትኩረት ይሰጥ ነበር። በሠራዊቱ የአካል ማጎልመሻ ሥልጠና ላይ ተሰማርተው የነበሩት ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ከወታደሮቹ መካከል ተስፋ የሚጣልባቸውን ሯጮች እየመረጡ ማሠልጠን ከጀመሩ ቆይተው ነበር። አበበ በእኒህ ሰው ዓይን ውስጥ የገባው ግን ወዲያውኑ አልነበረም። ለዚህ የበቃው ለዓመታት በራሱ ተነሣሽነት ከሮጠ በኋላ ነው። በየዕለቱ ከሱሉልታ ኮረብታዎች አንሥቶ እስከ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ያስረዳል። ይህንን የሚያደርገው ከመደበኛው የወታደርነት ግዴታው ጋር ደርቦ እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ነበር። በዚያ ውድድር ሜዳሊያ አልተገኘም። በማራቶን የተሰለፉት ሁለት ኢትዮጵያውያን ውድድሩን ቢጨርሱም ከፊተኞቹ ተርታ አልነበሩም። ይሁን እንጂ የአገሩን ስም ለብሶ ወደ ውጭ የሚወጣ ስፖርተኛ ማየት በሠራዊቱ ወጣቶች ዘንድ አዲስ ምኞት ቀስቅሷል። አበበም በዚሁ ጊዜ አካባቢ በጦር ኃይሎች የስፖርት ውድድር መሳተፍ ጀመረ። በወቅቱ የአገሪቱ የረጅም ርቀት ሩጫ ዋና ኮከብ ዋሚ ቢራቱ ነበር። አበበ በመጀመሪያው የማራቶን ውድድሩ ሁለተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ይህ ውጤት ለጀማሪ ሯጭ የሚያኮራ ቢሆንም እርሱን ግን ለበለጠ ልምምድ የሚያነሣሣ ሆነ።

የኒስካነን አሠለጣጠን በጊዜው ዘመናዊ የሚባል ነበር። ረጅም ርቀት በአንድ ዓይነት ፍጥነት ከመሮጥ ይልቅ ፍጥነትን እየቀያየሩ መሮጥን፣ ዳገት መውጣትን፣ አጭር ርቀትን ደጋግሞ በከፍተኛ ፍጥነት መሸፈንን ያካተተ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ መለማመዱ ደግሞ የራሱ ጥቅም ነበረው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት በአነስተኛ ኦክስጅን መሥራትን ይለምዳል። ሯጩ ዝቅ ወዳለ ሥፍራ ሲወርድ ትንፋሹ የበለጠ ብርታት ያገኛል። ዛሬ የዓለም ሯጮች ሁሉ የሚከተሉት ይህ አካሄድ በዚያን ጊዜ ገና በሰፊው የታወቀ አልነበረም። አበበ በባዶ እግሩም በጫማም ይለማመድ ነበር። የሚታወቅበት ዝምታና መረጋጋትም በልምምድ ሜዳ ላይ የታነጸ ነው። የሚሰጠውን ትእዛዝ በጥሞና ሰምቶ በሥራ ላይ በማዋል ረገድ አቻ እንዳልነበረው አሠልጣኙ በኋላ ዘመን መስክረውለታል።

በ1952 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ትዳር መሠረተ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የአትሌትነት ሕይወቱ መሠረት ተጣለ። በአዲስ አበባ በተካሄዱ ሁለት የማራቶን ውድድሮች በተከታታይ ሲያሸንፍ በሁለተኛው የሮጠበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ሰዓት የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። የተገኘውም ትንፋሽ በሚያሳጥረው የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ነው። በመሆኑም አበበ በመጨረሻው ሰዓት በታመመ ሯጭ ምትክ የተላከ ሰው ነው የሚለው በሰፊው የተነገረ ትረካ ሚዛን አይደፋም። ወደ ሮም የሄደው በሰዓት ተለክቶና ተፈትኖ ነው፤ አብሮት የተሰለፈው የአገሩ ልጅም አበበ ዋቅጅራ ነበር። የውጭው ዓለም ግን ስለ ሁለቱ ሯጮች ያወቀው ነገር አልነበረም።

ሮም ከደረሱ በኋላ አንድ ችግር ተፈጠረ። ለውድድሩ የተገዛው አዲስ ጫማ ለእግሩ ሳይስማማ ቀርቶ ማቁሰል ጀመረ። በማይመች ጫማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሮጥ ራስን ለሽንፈት አሳልፎ መስጠት ስለሆነ አበበ በለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ውሳኔው በቀድሞ ልምምዱ ላይ የተመሠረተ ስለነበር በሌሎች ዘንድ እንደሚታሰበው ድፍረት ብቻ አልነበረም። አሠልጣኙና ሯጩ የውድድሩን ጎዳና አስቀድመው ተመልክተው በየትኛው ሥፍራ ፍጥነት መጨመር እንደሚገባ ተነጋግረውም ነበር። ለዚህ የመረጡት ሥፍራ በወረራው ዘመን ከኢትዮጵያ ተወስዶ በሮም የቆመው የአክሱም ሐውልት የሚገኝበትን አካባቢ ነው።

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። የሮምን የበጋ ሙቀት ለመሸሽ ሲባል ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በሌሊት እንዲጠናቀቅ ተደርጓል። በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ላይ የኢጣሊያ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ በመለያ ቁጥር 11 ተሰልፎ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከመሪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ሮጠ። ከሃያኛው ኪሎ ሜትር በፊት ሩጫው የሁለት ሰዎች ፉክክር ሆነ። ሁለተኛው ሰው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። አበበ ይህን ሯጭ በቁጥር 26 እንዲጠብቀው ተነግሮት ሳለ ሞሮኳዊው ግን ሌላ ቁጥር ለጥፎ በመሰለፉ አብሮት የሚሮጠው ዋናው ተፎካካሪው መሆኑን ሳያውቅ ብዙ ርቀት ተጓዘ። ያም ሆኖ ዕቅዱን አልለወጠም። ጎን ለጎን በጸጥታ ከሮጡ በኋላ ወደ ሐውልቱ ሥፍራ ሲደርሱ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ተፎካካሪውም ሊከተለው አልቻለም።

በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ውድድሩን ሲፈጽም የተመዘገበው ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሰከንድ ነበር። ይህም የሶቭየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት ከነበረው የዓለም ፈጣን ሰዓት በአንድ ሰከንድ ገደማ የተሻለ ነው። ሞሮኳዊው 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ሁለተኛ፣ የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ሦስተኛ ሆኑ። አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ደረጃ አገኘ። ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን በተቀዳጁበት በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ወታደር ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት አገሩን እንዲወርር ጦር በተላከባት ከተማ ማሸነፉ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም ተሰጠው። አዲስ ዓመት በጠባበት ማግሥት የተሰማው የድል ዜና በአገር ውስጥ የፈጠረው ደስታም ከፍተኛ ነበር።

ወደ አገሩ ሲመለስ ደማቅ አቀባበል ተደረገለት። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሸለሙት፤ የአሥር አለቃነት ማዕረግም ተሰጠው። የሚኖርበት ቤትና የሚገለገልበት መኪናም ተፈቀደለት። ይሁንና ዝናው ከአደጋ አላዳነውም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛ አዛዥ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ የሠራዊቱ አባላት በሙሉ ተጠርጣሪ ሆኑ። አበበ በድርጊቱ ቀጥተኛ ተሳትፎ ባይኖረውም ለአጭር ጊዜ ተይዞ ከተጠየቀ በኋላ ተለቀቀ። የሠራዊቱ ሕይወት በዚህ ሁኔታ ቢናጋም ልምምዱን አላቋረጠም።

በሮም የተገኘው ድል እንዳጋጣሚ የመጣ ነው ብለው ለሚያስቡ ሁሉ የሚቀጥለው ዓመት ምላሽ ሆነ። በ1953 ዓ.ም. በግሪክ አቴንስና በጃፓን ኦሳካ፣ በ1954 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ ኮሺሴ ከተማ የተካሄዱትን የማራቶን ውድድሮች በተከታታይ አሸነፈ። ሦስቱ ከተሞች በአየር ንብረትም ሆነ በመንገድ አቀማመጥ እጅግ የተለያዩ ናቸው። አበበ በእያንዳንዱ ሥፍራ ራሱን ከሁኔታው ጋር ማስማማት መቻሉ የሮጠው በጉልበት ብቻ ሳይሆን በማስተዋልም እንደነበር ያሳያል።

በአንጻሩ ትልቅ ትምህርት የሰጠው ያላሸነፈበት ውድድር ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ከማሞ ወልዴ ጋር ተሰልፎ ነበር። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ከመነሻው ጀምሮ ክብረ ወሰን በሚሰብር ፍጥነት ሌሎቹን ጥለው ሄዱ። ነገር ግን በውድድሩ ማብቂያ አካባቢ ያሉት ዳገቶችና ከባሕር የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ እግራቸውን አሰሩት። ቤልጂየማዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ ቀድሞ ሲገባ አበበ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በአትሌትነት ዘመኑ ሁሉ ጨርሶ ሳያሸንፍ የቀረበት ዓለም አቀፍ የማራቶን ውድድር ይህ ብቻ ነው። የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ለሆነ ሰው አምስተኛነት ቀላል ሽንፈት አልነበረም። አበበ ግን በየሥፍራው እየሄደ ስሙን ለማደስ አልተጣደፈም። ወደ አገሩ ተመልሶ ከአንድ ዓመት በላይ በልምምድ አሳለፈ። እንደገና በማራቶን የተወዳደረው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ በአዲስ አበባ ሲሆን በዚያም አሸነፈ።

ለቶኪዮው ውድድር አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ግን ያልታሰበ ችግር ገጠመው። በደብረ ዘይት በልምምድ ላይ ሳለ ሕመም ተሰምቶት ሆስፒታል ሲገባ የትርፍ አንጀት ሕመም መሆኑ ታወቀ። በመስከረም ወር 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በወር ጊዜ ውስጥ ማራቶን ይሮጣል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። አበበ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአልጋው ተነሥቶ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሆስፒታል ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ወደ ጃፓን ሲጓዝ ስለ ጤንነቱ የሚጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የተደረገው ውድድር የአበበን ሙያዊ ብስለት ከሁሉም በላይ ያሳየ ነው። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክና የአየርላንዱ ጂም ሆጋን ከመነሻው በከፍተኛ ፍጥነት ወደፊት ወጡ። አበበ አልተከተላቸውም። በቦስተን በራሱ ላይ የደረሰው እንዳይደገም በሚመስል ጥንቃቄ ከኋላ ሆኖ ፍጥነቱን ጠበቀ፤ ርቀቱንም ጥቂት በጥቂት አጠበበ። ሃያኛው ኪሎ ሜትር ላይ መሪነቱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ በእርሱና በሰዓቱ መካከል ብቻ የሚደረግ ሆነ። ሆጋን ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። አበበ ሕዝብ ወደሞላው ስታዲየም ብቻውን ገብቶ ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሰከንድ ፈጸመ።

ይህ ሰዓት እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ በዚያው ዓመት ካስመዘገበው የዓለም ፈጣን ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ በላይ የተሻለ ነበር። ሂትሊ ራሱ አበበን ተከትሎ የገባው ከ4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ በኋላ ነው። ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ሦስተኛ ሆነ። ተመልካቹን ይበልጥ ያስደነቀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሌሎቹ ሯጮች ድካም አሸንፏቸው ሲወድቁና ሲደገፉ አበበ በሣሩ ላይ ሆኖ እጅና እግሩን እየዘረጋ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በዚያ ጊዜ ሌላ ተጨማሪ አሥር ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚያስችል ኃይል እንደነበረው በኋላ መናገሩ ይታወሳል።

የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው አበበ ነው። ከእርሱ በኋላ ይህን ማድረግ የቻሉት የምሥራቅ ጀርመኑ ቫልዴማር ሲርፒንስኪና ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ብቻ ናቸው። ከድሉ ይልቅ ግን ሰዓቶቹን ጎን ለጎን ማየት የሰውየውን ባሕርይ ይገልጻል። በአዲስ አበባ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ፣ በሮም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሮጧል። እርግጥ ነው፣ ከተሞቹ በከፍታም በመንገድም ስለሚለያዩ ሰዓቶቹን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ያም ሆኖ በሮም የዓለም ፈጣን ሰዓት ያስመዘገበ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ያውም ከቀዶ ሕክምና በተነሣ በሳምንታት ውስጥ፣ በራሱ ሰዓት ላይ ከሦስት ደቂቃ በላይ ማሻሻሉ ከማያቋርጥ ጥረት በስተቀር በሌላ ሊብራራ አይችልም።

ከቶኪዮ ድል በኋላ የመቶ አለቃነት ማዕረግና የግል መኪና ተሰጠው። ውድድሩንም አላቆመም። በ1957 ዓ.ም. በጃፓን፣ ከዚያም በስፔን ዛራውትዝ፣ በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ሴኡል አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ወደ ዛራውትዝ ተመልሶ ሲወዳደር ግን እግሩ ላይ ጉዳት ደርሶበት አቋረጠ። ከዚህ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ሊያገግም አልቻለም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ለሦስተኛ ጊዜ በኦሊምፒክ ማራቶን ሲሰለፍ መለያ ቁጥር 1 ለብሶ ነበር። ዓለም ሦስተኛ ድሉን ቢጠብቅም እግሩ አሻፈረኝ አለ። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ለመውጣት ተገደደ። ከመውጣቱ በፊት ግን ለጓደኛው ለማሞ ወልዴ እርሱ መቀጠል እንደማይችልና ድሉ የእርሱ ኃላፊነት መሆኑን አሳሰበው። ማሞም አደራውን ተቀብሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የወርቅ ሜዳሊያውን አጠለቀ። ኢትዮጵያ በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ ሆነች። ክብሩን ለሌላው ለማስተላለፍ ያልተሳሳ ሰው መሆኑም በዚህ አጋጣሚ ታየ።

አበበ በአትሌትነት ዘመኑ በአሥራ ስድስት የማራቶን ውድድሮች ተሰልፏል። ከእነዚህ መካከል አሥራ ሁለቱን አሸንፏል፤ በአንዱ ሁለተኛ፣ በሌላው አምስተኛ ሆኗል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግሞ በጉዳት ምክንያት አቋርጧል። በሠራዊቱም ውስጥ ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ እስከ ሻምበልነት ማዕረግ ደርሷል።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት ሕይወቱን ፈጽሞ የለወጠ አደጋ ደረሰበት። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ በሸኖ አካባቢ ሲያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከመኪናዋ ውስጥ መውጣት ሳይችል ቆየ። የአከርካሪ አጥንቱ ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ለተሻለ ሕክምና ወደ እንግሊዝ ተላከ። በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ስምንት ወራት ታከመ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። በሕክምናና በብርቱ ጥረት እጆቹን መጠቀም ቢችልም እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙለትም።

በዚህ ሁኔታ ላይ የሚገኝ የሁለት ኦሊምፒክ ሻምፒዮን በትዝታው ብቻ ቢኖር የሚወቅሰው አይኖርም ነበር። አበበ የመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነው። ያረፈበት ሆስፒታል የአካል ጉዳተኞች ስፖርት የተጀመረበትና ለዛሬው ፓራሊምፒክ መሠረት የሆነ ሥፍራ ነበር። እርሱም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርንና የጠረጴዛ ቴኒስን እንደ ጀማሪ ተማረ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በሁለቱም ስፖርቶች ተሳተፈ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ተገኝቶ በበረዶ ላይ በሚሄድ መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ በማያውቅ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው በዚህ ስፖርት ማሸነፉ በእግሮቹ ያጣውን በሌላ ለመተካት ያደረገውን ትግል ያሳያል።

በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲከፈት በክብር እንግድነት ተጋብዞ ተገኘ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጭብጨባ ተቀበለው። የማራቶኑ ውድድር የተካሄደውም ጳጉሜ 5 ቀን ነበር፤ ከሮም ድል ልክ በአሥራ ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ ማሞ ወልዴም የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። አሸናፊው ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ወደነበረው አበበ ቀርቦ እጁን በአክብሮት ጨበጠው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ሕመሙ ከአራት ዓመት በፊት ከደረሰበት አደጋ ጋር የተያያዘ ነበር። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ንጉሠ ነገሥቱና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወታደራዊ ክብር ተፈጸመ። ዕለቱም የብሔራዊ ሐዘን ቀን ሆኖ ታወጀ። ባለቤቱና አራት ልጆቹ ከእርሱ በኋላ ቀርተዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ስታዲየም በስሙ ተሰይሞለታል።

እርሱ የከፈተው በር ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ፣ በ2004 ዓ.ም. ቲኪ ገላና በለንደን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ታምራት ቶላ በፓሪስ የኦሊምፒክ ማራቶንን አሸንፈዋል። የሮሙ ድል አምሳኛ ዓመት በታሰበበት በ2002 ዓ.ም. የሮም ማራቶን ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና ጫማውን አውልቆ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በባዶ እግሩ በመሮጥ ቀዳሚ ሆኖ ገብቷል። አበበ ፍጥነቱን የጨመረበት ሥፍራ ምልክት የነበረው የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በጥንት ቦታው ቆሟል።

በባዶ እግር የተገኘው የሮም ድል ወደፊትም ሲነገር ይኖራል። ታሪኩ ሙሉ የሚሆነው ግን ከሮም በፊት የነበሩት የሱሉልታ ማለዳዎች፣ ከቦስተን በኋላ ያለፈው የዝምታ ዓመት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተቆጠሩት ሳምንታትና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተጀመረው አዲስ ልምምድ አብረው ሲነገሩ ነው። የመንግሥት ደመወዝተኛ የነበረው ይህ ወታደር ባለበት የሥራ መደብ ላይ ሆኖ፣ በየቀኑ ከትናንቱ የተሻለ ለመሥራት በመትጋት ብቻ፣ የአገሩን ስም በዓለም ፊት ከፍ አድርጎ አልፏል።